ለሁለት ሃምስተር የሚሆን ቤት ደሴ ላይ እንዴት ላሠራ?

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሃምስተር የሚባለውን አይጥ መሳይ ትንሽ የቤት እንስሳ ያሳደገ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጆቼ ሁለት ሃምስተር ይዞላቸው መጣ። ጀርባቸው ወርቅማ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው። ሻጩ «እህትማማች ናቸው፣ አብረው ይኖራሉ» ብሎ ነው የሸጠለት። የመጡበት የሽቦ ቤት ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 25 ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሮዝ መሰላል አለው፣ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ መሽከርከሪያም አለው። ሲያዩት ያምራል፣ ልጆቹም ወደውታል።

ችግሩ ሲመሽ ነው። መብራት ስናጠፋ ሽቦውን መንከስ ይጀምራሉ። እስኪነጋ ድረስ ቂርር፣ ቂርር። አማቴ ደግሞ እዚያው ሳሎን ነው የሚተኙት። «አይጥ ለማጥፋት ድመት ስናሳድግ ኖረን፣ እናንተ አይጥ በገንዘብ ገዝታችሁ ታስተኛላችሁ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ትናንት ደግሞ አንዷ የሌላዋን ጆሮ ነክሳ አደማቻት።

ትልቅ ቤት ላሠራላቸው አስቤአለሁ። ግን ምን ያህል ትልቅ? በምን ይሠራ? ሰፈራችን ካለ እንጨት ቤት ሰጋቱራ በነጻ አገኛለሁ፣ ከሥር ባነጥፍላቸው ይሆናል? እዚህ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ አላገኘሁም።

ጦሳ ማዶ

የአማትሽ አነጋገር በሳቅ ገደለኝ። እውነታቸውን እኮ ነው! እኔ ስለ ሃምስተር የማውቀው የለም፤ ግን ደም ከወጣ አብረው አታሳድሪያቸው። ዛሬውኑ ለያዪያቸው። የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ እኔም ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ቦርከና ዳር

ጦሳ ማዶ ልክ ነው። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪና መጀመሪያ ዛሬ ማታ ለያዪያቸው። ትልቅ የልብስ ፕላስቲክ ሳጥን ካለሽ አንዷን እዚያ አስገቢ። ክዳኑን ሰፋ አድርገሽ ቅደጂና በሽቦ ወንፊት ሸፍኚው። ለጥቂት ቀን ይበቃል።

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ አሉሚኒየምና መስታወት ነው። የእኔም ልጅ ሃምስተር ስላሳደገች ቤቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ።

ያልሻቸው ወርቅማዎቹ የሶርያ ሃምስተር የሚባሉት ናቸው። አገራቸው ሰሜን ሶርያ፣ ሐላብ አካባቢ ነው። ዛሬ በየአገሩ ቤት ውስጥ የሚኖሩት አብዛኞቹ በፈረንጆቹ 1930 እዚያ ከአንድ ጉድጓድ ከወጡ አንዲት እናትና ልጆቿ የተዋለዱ ናቸው ይባላል። ይህን የምነግርሽ ለወግ አይደለም። ይህ እንስሳ በተፈጥሮው ብቻውን የሚኖር ነው። እዚያው ሶርያ የዱር ሃምስተሮችን ያጠኑ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ከአንድ አዋቂ በላይ አላገኙም፣ እናት ከግልገሎቿ ጋር ካልሆነች በቀር። እህትማማችነት የሚሠራው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ካደጉ በኋላ እስከ ሞት ይነካከሳሉ። የሻጩን ቃል ደግሞ ብዙም አትመኚው፤ «እህትማማች» የተባሉት ወንድና ሴት ሆነው ቢገኙ አይግረምሽ። እርግዝናቸው 16 ቀን ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ለዓይን በሚያምረው ነገር ነው። ፎቅ፣ ቱቦ፣ መሰላል። ሃምስተር ዓይኑ ደካማ ነው፤ ከፍታ መገመት አይችልም፤ ይወጣና ይወድቃል። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የሚሮጥበት ሜዳና የሚቆፍርበት ጥልቀት። ሐላብ ላይ የተለኩት ጉድጓዶች በአማካይ 65 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ነበራቸው፤ ከአንድ ሜትር ያለፉም አሉ። አንቺ ቤት ያለው ፕላስቲክ ወለል ነው። የት ይቆፍር?

ሽቦ መንከሱም የመጣው ከዚያ ነው። ጥርስ ለመሳል የሚሉት አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። በፈረንጆቹ 2006 በስዊዘርላንድ፣ ከበርን ከተማ የወጣ ጥናት አለ። ከሥራቸው 10፣ 40 እና 80 ሳንቲሜትር ንጣፍ የተሰጣቸውን ሃምስተሮች አወዳደሩ። ሽቦ በብዛት የነከሱት 10 የተሰጣቸው ናቸው፤ 80 የተሰጣቸው ላይ ይህ ጠባይ በጣም ቀንሷል። ስለዚህ አማትሽ እንቅልፍ እንዲያገኙ ከፈለግሽ መፍትሔው ጥልቅ ንጣፍና ሽቦ የሌለው ግድግዳ ነው።

መጠኑን ለአንዷ ርዝመት 100፣ ወርድ 50፣ ቁመት 50 ሳንቲሜትር አድርጊው። የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞችም ትንሹ ልክ ብለው የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ከዚህ ከበለጠ ደስ ይላል፤ አይነስ። በ5 ሚሊ መስታወት ካሠራሽው፣ ላዩ ክፍት ሆኖ፣ መስታወቱ ብቻ 25 ኪሎ ይሆናል። ባጃጅ ላይ ጭነሽ ሆጤ ዳገት ከመውጣትሽ በፊት አስቢበት! ሠራተኛው ቤትሽ መጥቶ በሲሊኮን ቢያጣብቀው ይሻላል። ሲሊኮኑ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እንስሳውን አታስገቢ።

ክዳኑ የአሉሚኒየም ፍሬም ላይ የተወጠረ የብረት ወንፊት ይሁን። የዝንብ መከላከያ የሚሉትን የፕላስቲክ ወንፊት እንዳትቀበዪ፤ በአንድ ሌሊት ይቀዱታል። ከላይ መቆለፊያ ይኑረው። የጎረቤት ድመት ላዩ ላይ መተኛት ይወዳል፣ ከእኔ ቤት ነው የምነግርሽ።

መስታወት ከከበደ ሌላ መላ አለ። አሮጌ ቁም ሳጥን ካላችሁ በጀርባው አስተኙት። በሩን አውልቀሽ በቦታው የወንፊት ክዳን፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ መስታወት አስገጥሚ። ከመስታወት በጣም ይረክሳል።

መላጊያ

የተጠራሁ መሰለኝ። አናጢ ነኝ፣ ደሴ።

እህቴ፣ ሰጋቱራውን ተዪው። እንጨት ቤት ወለል ላይ ያለው ሰጋቱራ ድብልቅ ነው። ጥድ አለበት፣ ባሕር ዛፍ አለበት፣ የችፑድ ዱቄት አለበት። ችፑድ ማለት ሙጫ ነው። እኛ ራሳችን አፍንጫችንን ሸፍነን ነው የምንቆርጠው። ጥድ ደግሞ ለቁም ሳጥን የሚወደደው ስለ ሽታው ነው፤ ብል ያባርራል። ብል የሚያባርር ሽታ የአንዲት ጭብጥ የምታህል እንስሳ ሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቢው።

የእንጨት ነገር ካስፈለገሽ ከመላጊያ የሚወጣውን ስስ ፍቅፋቂ ጠይቂ፤ ሽታ ከሌለው እንጨት፣ ቀለምና ቫርኒሽ ያልነካው፣ አቧራው የተነፋ። ብዙ አይገኝም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጽሕፈት የሌለበት ወረቀት ቀዶ ማንጠፍ ይቀላል።

ቁም ሳጥኑን በተመለከተ ቦርከና ዳር ያሉት ጥሩ ነው፣ ግን ችፑድ ከሆነ ሽንት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይሸታልም። ውስጡን ከሥርና ከጎን በላሜራ ወይም በመስታወት አልብሱት። ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ እሱም ጠርዙ ለጥርስ እንዳይጋለጥ።

መሽከርከሪያውን እኔ እሠራልሻለሁ። ለአንድ ዘመዴ ልጅ ሠርቼ አውቃለሁ። የአሮጌ ወንፊት ክብ እንጨት እወስዳለሁ፣ ጀርባውን በኮምፔንሳቶ እዘጋለሁ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ እመታለሁ። ጸጥ ብሎ ይዞራል። ስፋቱ ስንት ይሁን? ያኔ በግምት ነው የሠራሁት።

ቦርከና ዳር

መላጊያ፣ እጅህ ይባረክ። ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 28 ሳንቲሜትር፣ 30 ብታደርገው ይሻላል። ሲሮጥ ጀርባው መታጠፍ የለበትም። የሚረግጠው ወለል ድፍን ይሁን፤ ዘንግ በዘንግ ከሆነ እግራቸው ይገባል፣ ይሰበራል። ኩሽኔታው ድምፅ ካሰማ የምግብ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ግሪስ አይነካው፤ ይልሱታል።

የሆጤዋ

ኧረ ተባረኩልኝ! ለያይቻቸዋለሁ። ገና ከመለያየታቸው አንዷ ሳጥኑ ውስጥ የሶፍት ክምር ሠርታ ገብታበት ተኝታለች።

ቦርከና ዳር፣ ጋሼ ልበልዎት መሰለኝ፣ ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ያሉት ጥልቅ ንጣፍ ምን ያህል ነው? ወረቀት ብቻ ሊበቃ ነው? ደግሞ ደሴ ብርድ ነው፣ እርስዎ ቆላ ሆነው አይታወቅዎትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ምን ላድርጋቸው? መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ማሞቂያ አይታሰብም።

ቦርከና ዳር

ጋሼ በይኝ፣ ሽበቱም ደርሷል። ደግሞ ኮምቦልቻን ቆላ አትበይብን! 1,850 ሜትር ገደማ ላይ እኮ ነን። እናንተ 2,500 አካባቢ ተሰቅላችሁ ሁሉም ሰው ቆላ ይመስላችኋል።

ንጣፉ ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ቢቻል በአንድ በኩል እስከ 30 ከምሪው። 100 በ50 ላይ 25 ማለት 125 ሊትር ነው። ብዙ ነው፣ አዎ። ወረቀት ብቻውን ሲቆፈር ይናዳል። ንጹሕ ደረቅ ድርቆሽ በየመሃሉ ጣል እያደረግሽ በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊው፤ ያኔ ዋሻው ይቆማል። ድርቆሹን መጀመሪያ አራግፊ፣ አቧራውና ተባዩ ይውጣ። ጋዜጣ ቀለም አለው፣ ይቅር። ጥጥ ደግሞ በፍጹም። ክሩ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል፣ ከዋጡትም አንጀት ይዘጋል።

ብርዱን ያነሣሽው ጥሩ ነው። የሚስማማቸው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ደሴ ሌሊት ከዚያ ትወርዳለች፣ ቢሆንም ንጣፉ ጥልቅ ከሆነና ሶፍት ከተጨመረላቸው ከሥር ገብተው ራሳቸውን ያሞቃሉ። ጥልቀቱን ያጠበቅኩት ለዚህም ጭምር ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጪው፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ በርና መስኮት ነፋስ ከሚያስገባበት ርቆ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘውም ቦታ አይሁን፤ መስታወት ቀን ላይ ያፍናል።

አንድ ነገር ለልጆቹ ንገሪ። ብርድ ከበረታ፣ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ፣ ሃምስተር ደርቆ፣ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሹ እምብዛም ሳይታይ ሊተኛ ይችላል። ሞተ ብለው እንዳይቀብሩት! ሞቅ ያለ ክፍል አስገብታችሁ በእጅ ሙቀት ቀስ ብላችሁ ጠብቁ። እሳት አጠገብ አታስጠጉት። እንዲህ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ሌላው ጢስ ነው። ወሎ ቤት ቡና፣ ከሰል፣ ዕጣን አይጠፋም። የአማትሽን ቡና አልከለክልም፣ አላበድኩም። ግን ቤቱ ከረከቦቱ ማዶ፣ ሌላው ጥግ ይሁን። ሁለተኛው ክፍል ቦታ ካለማ ከነአካቴው እዚያ ይግባ።

ውስጡን ለማዘጋጀት የሚገዛ ነገር ብዙም የለም። የተሰበረ ጀበና አይጠፋሽም። አፉን ሰፋ አድርገሽ፣ 7 ሳንቲሜትር ያህል፣ ስለቱን በድንጋይ ሞርደሽ አስገቢው፤ መደበቂያ ይሆናል። ጠባብ ካደረግሽው ጉንጫቸውን እህል ሞልተው ሲመለሱ ይቀረቀራሉ። ከባድ ነገር ሁሉ ግን፣ ጀበናውም፣ የመሽከርከሪያው መቆሚያም፣ ንጣፉ ላይ እንዳይቀመጥ። ከሥር እስከ መስታወቱ ወለል የሚደርስ እግር ይኑረው። አለበለዚያ ከሥሩ ይቆፍሩና ይጫናቸዋል። መሽከርከሪያው ባለበት ጥግ ብቻ ንጣፉን አሳንሺው፣ ክዳኑን እንዳይነካ።

ጥግ ላይ አንድ ሰፋ ያለ ሳህን አሸዋ አድርጊላቸው። የወንዝ አሸዋ ይሆናል፤ አጥበሽ፣ በወንፊት ነፍተሽ፣ ምጣድ ላይ አምሰሽ፣ ሲቀዘቅዝ። ይንከባለሉበታል፣ ፀጉራቸው ይጠራል። ብዙዎቹ ሽንታቸውንም እዚያው ያደርጋሉ፣ ለማጽዳት ትገላገያለሽ።

በየሳምንቱ ሁሉንም ገልብጠሽ እንዳታጥቢ። የራሱ ሽታ ሲጠፋ ቤቱ የሌላ ሰው ይመስለዋል፣ ይጨነቃል። የረጠበውን ብቻ አንሺ። ንጣፍ ስትቀይሪም ከአሮጌው ግማሹን መልሰሽ ቀላቅዪ።

መላጊያ

የወንፊት ክብ 30 የሚሆን አግኝቻለሁ። ሁለት ነው የምሠራው አይደል? ቤታቸው ሁለት ከሆነ።

የሆጤዋ

ሁለት፣ አዎ። ወንድሜ አንዷን ልመልሳት ብሎ ነበር፣ ልጆቹ አለቀሱ። ቁም ሳጥኑ አለን፣ የባለቤቴ የድሮው፣ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 90፣ ጥልቀቱ 55 ነው። መሃሉን ብከፍለው ለሁለቱም አይሆንም ጋሼ?

ቦርከና ዳር

180 ለሁለት ሲከፈል 90 በ90 ይሆናል። ርዝመቱ ትንሽ ያንሳል፣ ወርዱ ግን ይክሰዋል፤ ስፋቱ ካልኩሽ በላይ ነው። ይሆናል። መከፋፈያው ግን ወንፊት አይሁን፣ መስታወትም አይሁን። እስከ ክዳኑ የሚደርስ ድፍን ላሜራ ይሁን፣ እንዳይተያዩ፣ እንዳይናከሱ። ክዳኑም ሁለት ይሁን፣ ለየብቻ የሚከፈት። መላጊያ ላሜራውን ሲያስገባ ጠርዙን ይጠፈው፣ ስለት ነው። ክዳኑን እኔ ወጥሬ እልክልሻለሁ፤ የአፉን ልክ ግን ከውስጥም ከውጭም ለክተሽ ጻፊልኝ።