የት፣ መቼ፣ ምን ላድርግ? ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የተክለሃይማኖት ዕድሮች አንድ ሐሳብ ይዘን ወረዳ ልንቀርብ ነው። ነገሩ ይሄ ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ታክሲ ተሳፍሯል፣ መዋለ ሕፃናት ውሏል፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ተቀምጧል እንበል። እዚያ የነበረ ሌላ ሰው በምን ይወቅ? አሁን የሚያውቀው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ተቀጥሎበት ነው የሚደርሰው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ወጣቶቹ ጽፈውታል። ቁረጡ፣ ቀጥሉ፣ አትራሩ።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ የእኔ ሐሳብ ካርታ ነው። ታማሚ የተገኘበት ቤት ላይ ቀይ ነጥብ ይደረጋል። በስልክ ይከፈታል፣ የቴሌግራም ቦትም ይኖረዋል። ሥራው ከባድ አይደለም። ዋናው መረጃው መምጣቱ ነው።

ነርስ፦ ወንድሜ፣ ካርታህን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት ቀዩን ነጥብ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ግቢ ማለት አምስት ስድስት ቤተሰብ ነው። ነጥቡ ግቢው ላይ ካረፈ ማን እንደታመመ በነጋታው ቡና ላይ ይታወቃል። ከዚያስ? ቀጥሎ የሚታመመው ሰው ጤና ጣቢያ አይመጣም። ቤቱ ተኝቶ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ካርታህ ንጹሕ ይሆናል፣ በሽታው ግን ሰፈሩ ውስጥ ይዞራል።

ደግሞስ ቤቱ ለሌላው ሰው ምን ይፈይዳል? ኩፍኝ የያዘው ሰው ሽፍታው ከመውጣቱ ከ4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ያስተላልፋል። የሚያስፈልገን በነዚያ ቀናት የዋለበት ቦታ ነው እንጂ የሚያድርበት አይደለም። ቤተሰቡንና ጎረቤቱን እኛ በር ለበር ሄደን እናገኛቸዋለን። የማናገኘው አብሮት ታክሲ የተሳፈረውን ነው።

የዕድር ሊቀመንበር፦ ሲስተር ልክ ናት። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የመጀመሪያው ታማሚ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ነው ተባለ። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ፈረንጅ በታየ ቁጥር ኮሮና እየተባለ ሲሰደብ ሰምተናል። ሰውዬው ከማን ጋር ነበር የሚለውን የጠየቀ የለም። ሁሉም የያዘው መልኩን ነው።

ኤፒዲሚዮሎጂስት፦ ደቡብ ኮሪያ ሁለቱንም ጫፍ አይታዋለች። በ2015 እ.ኤ.አ. መርስ የሚባለው በሽታ ሲገባ መንግሥት የሆስፒታሎቹን ስም ደበቀ። ሕዝቡ የራሱን ዝርዝር በወሬ ማሰናዳት ጀመረ። በመጨረሻ ጁን 7 ቀን የ24 ሆስፒታሎች ስም ወጣ፣ ሕጉም ተሻሽሎ መረጃ መስጠት ግዴታ ሆነ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። የታማሚው ዕድሜ፣ ጾታ፣ የበላበት ቤት፣ የገባበት ሰዓት ሁሉ በስልክ ይላክ ነበር። ሰው ማን እንደሆነ መገመት ጀመረ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽናቸው ተቃወመና መመሪያው ጠበበ። ኢቴዎን በሚባለው የሴኡል ሰፈር በምሽት ክለቦች ወረርሽኝ ሲነሳ ብዙው ሰው ስሙ እንዳይወጣ ፈርቶ ተደበቀ። ከተማዋ ስም የማይጠየቅበት ምርመራ እስከ መጀመር ደረሰች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጻፍ። ቦታና ሰዓት ይውጣ። ስለ ሰውየው ምንም አይውጣ፤ ዕድሜም ቢሆን፣ ጾታም ቢሆን።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ እሺ፣ ነጥቡን ከቤት አነሳሁት። ግን ለየትኛው በሽታ? ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቲቢ አለ፣ ማጅራት ገትር አለ፣ ተስቦ አለ።

ኤፒዲሚዮሎጂስት፦ መለኪያው አንድ ነው። ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው የሚያደርገው ነገር አለው ወይ? ከሌለው አንለጥፍም።

ቲቢ የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ በዝግ ቤት ረጅም ሰዓት አብሮ በመኖር ነው። ቤተሰቡን መመርመር እንጂ ፖስታ ቤት ወረፋ ላይ የቆመውን ማስደንገጥ ጥቅም የለውም። ማጅራት ገትርም አብሮ የሚያድረውን ነው የምንፈልገው። ኩፍኝ ግን ሌላ ነው። ታማሚው ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ማን እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ቦታውን መናገር ግድ ነው። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲሆን ደግሞ ሰው ሳይሆን ምንጩ ነው የሚፈለገው፤ ውሃው፣ ምግቡ፣ መጸዳጃው። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ሲገባ ያየነው ነው።

ነርስ፦ የእብድ ውሻ በሽታንም ጨምሩልኝ። እንዲያውም በሱ እንጀምር። ከሁሉም የተሻለው ነው። ውሻ ስሙ ቢጠራ አያፍርም፣ አይከስም፣ ጠበቃም አያቆምም። አንድ ውሻ ከጠዋቱ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ሁለት ሰው ነክሶ ከሰዓት በኋላ አትክልት ተራ ወርዶ ሌላ ሊነክስ ይችላል። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ካጠበና ክትባቱን ቶሎ ከጀመረ ይድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ስንቱ ነው ቧጨረኝ እንጂ አልነከሰኝም ብሎ ቤቱ የሚቀመጠው! ማስታወቂያው ለሱ ነው።

የዕድር ሊቀመንበር፦ በውሻ መጀመሩን ደግፌያለሁ። ሰው ሥርዓቱን በውሻ ይለማመድ።

የሕግ ባለሙያ፦ ሦስት በሽታ ከሆነ ይያዛል። ከኔ በኩል፦ የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ያልተረጋገጠ ወሬ መለጠፍ ደግሞ በሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ በ1185/2012፣ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ “በላብራቶሪ የተረጋገጠ ብቻ ይለጠፋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ። ማረጋገጫውም ከጤና ተቋም እንጂ ከእኛ አይምጣ።

ነርስ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለኩፍኝ የተጋለጠ ሰው ክትባቱ የሚከላከልለት በ72 ሰዓት ውስጥ ከወሰደው ነው። ልጁ ሽፍታ አውጥቶ እኛ ጋ እስኪመጣ አንድ ሁለት ቀን ይሄዳል። ናሙናው ተወስዶ፣ ላብራቶሪ ደርሶ፣ ውጤቱ ተመልሶ እስኪነገር ሌላ ቀናት ይሄዳሉ። የተረጋገጠ ብቻ ካልን ሁልጊዜ ከሰርግ በኋላ ነው የምንደርሰው። 9 ወር ያልሞላውና ገና ያልተከተበው ሕፃን ዋናው ተጎጂ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ተጠርጣሪ ብሎ የአንድን መዋለ ሕፃናት ስም መለጠፍስ? ሽፍታው ኩፍኝ ባይሆንስ? የመዋለ ሕፃናቱ ባለቤት ተማሪዎቿን በአንድ ቀን ታጣለች።

ነርስ፦ ገብቶኛል። ግን ሕፃኑም አለ።

ኤፒዲሚዮሎጂስት፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለሁለት ቀናት ሳስበው የነበረው ይሄንኑ ነው። በሁለት ደረጃ ብንከፍለውስ?

በጥርጣሬ ጊዜ ማስታወቂያ የለም፣ ስልክ ግን አለ። ኩፍኝ ገና ሲጠረጠር ነው ሪፖርት የሚደረገው፤ ላብራቶሪ አይጠበቅም። ስለዚህ ወረዳው በዚያው ቀን ለመዋለ ሕፃናቷ ይደውል። ባለሙያ ሄዶ የክትባት ካርድ ይይ፣ ያልተከተበውን ይከትብ። ወላጆች በደብተር ውስጥ ወረቀት ይላክላቸው። ይሄ 72 ሰዓቱን ያድናል፣ የማንም ስም ደግሞ ቴሌግራም ላይ አይወጣም።

ሲረጋገጥ ነው ሕዝባዊው ማስታወቂያ የሚወጣው። ያኔ የክትባቱ ሰዓት ቢያልፍም ምልክቱ እስከ 21 ቀን ድረስ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የዓይን መቅላት፣ ከዚያ ሽፍታ። ያየ ሰው ቀድሞ ደውሎ ይምጣ፤ ወረፋ ላይ ተቀምጦ ሌላውን እንዳያስይዝ። 21 ቀን ሲሞላ ማስታወቂያው ይነሳል። ለአተት ደግሞ ምንጩ ከተስተካከለ 5 ቀን በኋላ።

የሕግ ባለሙያ፦ በዚህ እፈርማለሁ።

የካፌ ባለቤት፦ እኔም ልናገር። አድራሻችሁ ያስፈራኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ስም ማን ይጠቀማል? ሁሉም “ከእገሌ ካፌ ጀርባ፣ ከእገሌ ሕንፃ ፊት ለፊት” ነው። በሽታው ከጎኔ ያለው ክሊኒክ ውስጥ ሆኖ “ከካፌው አጠገብ” ብትሉ ማን ነው የሚከስረው? ሰው የሚያስታውሰው የኔን ስም ነው። ምልክት ስትሰጡ የንግድ ቤት አትጥሩ። ሐውልት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መስጊድ አለ፣ ፌርማታ አለ።

የምግብ ቤቱ ውሃ ራሱ ችግር ያለበት ከሆነ ስሙ ይውጣ፣ አልከራከርም። ግን ታንከሩ ታጥቦ፣ ክሎሪን ተደርጎ፣ ውሃው ተመርምሮ ሲያበቃ “ተስተካክሏል” የሚለውም በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው መጠን ፊደል ይጻፍ። ክሱ በትልቅ፣ ነጻ መውጣቱ በትንሽ አይሁን።

ጸሐፊ፦ ይሄ ቃል በቃል ይገባል። አንድ የምጨምረው፦ የፈረሰ ቦታም ምልክት አይሁን። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላ የመጣ ልጅ “ዶሮ ማነቂያ መግቢያ” ቢባል የት እንደሆነ አያውቅም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሰዓት ላይ ማንም አልተናገረም። የጤና ተቋም ፎርም ላይ 9:00 ተብሎ ይጻፋል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። ያንን ቀድታችሁ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት የፒያሳ ሰው 9 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ ከምሳ በኋላ ማለት ነው። 2 ሰዓት ብቻ አየር ላይ ለሚቆይ በሽታ 6 ሰዓት ተሳስተን ያልተጋለጠውን እናስፈራለን፣ የተጋለጠውን እናረጋጋለን። ቀኑም እንደዚያው ነው። 12/03 በእኛ ለሚቆጥረው ኅዳር 12 ነው፣ በፈረንጅ ለሚቆጥረው ማርች 12፣ ማለትም መጋቢት 3። ወሩ በስም ይጻፍ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ የሚለውም በፊደል ይጻፍ።

የዕድር ሊቀመንበር፦ ኅዳር 12ን ካነሳህ፣ ይሄ ከተማ በ1911 የደረሰበትን የኅዳር በሽታ ዛሬም ቆሻሻ እያቃጠለ ያስታውሳል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተነሱት። ያኔ ማሳወቂያው ምን እንደነበር እንጃ።

የታክሲ ተወካይ፦ ታክሲ ላይ ልምጣ። ታርጋ ብትለጥፉ ተሳፋሪ አይጠቅመውም፤ የተሳፈረበትን ታርጋ የሚይዝ የለም። ሾፌሩንና ረዳቱን ግን ሥራ ያስፈታል። መስመሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ጻፉ፤ “ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት”። ተራ አስከባሪዎቹ ሰልፉ ላይ ይናገራሉ፤ ድምፃቸውን ታውቁታላችሁ። መስኮት ስለመክፈት ግን ከኛ አትጠብቁ። “ንፋስ መታኝ” የሚል አንድ ተሳፋሪ አይጠፋም፣ እሱን ደግሞ መንግሥትም አላሸነፈውም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ ባቡሩም ችግር አለው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። ሰው የመጣለትን ነው የሚሳፈረው። ስለዚህ እዚያ መስመር ሳይሆን የገባበትና የወረደበት ጣቢያ ይጻፍ። ካርታዬን በጣቢያና በፌርማታ አስተካክየዋለሁ።

ነርስ፦ ስልክ የሌላቸውስ? ቴሌግራም የማትከፍት እናት ብዙ ናት።

የዕድር ሊቀመንበር፦ በዕድር ይነገር። ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሶባቸው ገላን ጉራ የሄዱ አባላት አሁንም ለቅሶና ክርስትና ይመጣሉ። በስልክ ሰንሰለት እናገኛቸዋለን። ጥሩንባ ነፊውን ግን ለዚህ አንጠቀምበትም። ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ማን ሞተ የሚል ሰፈር ውስጥ ስለ ኩፍኝ ከተነፋ ግማሹ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚወጣው።

መረጃ ወደ ላይም ይሂድ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ሰፈር ሁለት ሕፃን ከሞተ ቀድሞ የሚያውቀው ዕድር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤችአይቪን ሞት ለማወቅ የመቃብር ቦታዎችን መዝገብ ይከታተል ነበር። እኛም ጭምጭምታውን ለወረዳ እንነግራለን። በ8335 መደወልም ይቻላል። የሰማነውን ግን ራሳችን አንለጥፍም።

ጸሐፊ፦ ይሄን ሁሉ አጥብቤ ጻፍኩት፦

“ማኅበራችን በእብድ ውሻ በሽታ፣ በኩፍኝና በአተት ላይ የሚከተለው እንዲሞከር ይጠይቃል። ኩፍኝ ሲጠረጠር ወረዳው ልጁ ለዋለበት ተቋም በዚያው ቀን ይደውላል፤ ለሕዝብ አይለጠፍም። ሲረጋገጥ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይለጠፋል። እያንዳንዱ ማስታወቂያ አንባቢው የሚያደርገውን ነገርና የሚነሳበትን ቀን ይይዛል። የሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ መኖሪያና የመኪና ታርጋ አይጻፍም። የተስተካከለ ቦታ መስተካከሉ በዚያው ሰሌዳ ይነገራል።”

የካፌ ባለቤት፦ “በዚያው መጠን ፊደል” የሚለው የት ሄደ?

ጸሐፊ፦ መለስኩት።

ነርስ፦ “ለእብድ ውሻ የተጠረጠረ ውሻ ሳይረጋገጥም ይለጠፋል” በሉ። የውሻውን ጭንቅላት መርምሮ ውጤት እስኪመጣ የተነከሰው ሰው መጠበቅ የለበትም።

የሕግ ባለሙያ፦ ውሻው ባለቤት ካለው የባለቤቱ ቤት አይጠቀስ። ከዚያ ውጪ ተቃውሞ የለኝም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ጋሼ፣ ማኅተሙ እርስዎ ጋ ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወረዳው በር ላይ እንገናኝ። ሲስተር፣ አንቺም ብትመጪ ደስ ይለናል፤ ስለ 72 ሰዓቱ ከጠየቁን እኛ አናስረዳውም።

ነርስ፦ ሰኞ ተረኛ ነኝ። ማክሰኞ አድርጉት።

የዕድር ሊቀመንበር፦ ማክሰኞ ይሁን። በሦስት ኮፒ አዘጋጂው፣ አንዱ ላይ ገቢ ያስፈርሙልን።