የማኮብኮቢያው መብራት ለማይክ አልታዘዝ አለ፤ ማታ 2 ሰዓት አውሮፕላን ይመጣል!

ሌሊት ጠባቂ፦
አስቸኳይ! መብራታችን አብራሪው የሬዲዮውን ማይክ ቁልፍ ሲጫን የሚበራ ነው። ትናንት ማታ ከ20 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ቁልፉን ቢጫን ቢጫን መብራቱ አልበራ አለው። በላያችን ሲያልፍ ግን በራ። ጊዜውን ለማራዘም እንደገና ሲጫን አልሰማ አለና 15 ደቂቃው ሲሞላ ድርግም። ዛሬ በእጅ ሬዲዮ የሪሲቨሩ (የሬዲዮ መቀበያው) ሳጥን አጠገብ ቆሜ ስሞክር ወዲያው ይበራል። ሪሲቨሩ ሞቷል። ምን ዓይነት ልተካበት?

ፊውዝ ፊውዝ፦
ፊውዙን እይ።

መምህሩ፦
አሠራሩን ሳያውቁ ዕቃ መቀየር አይገባም። በተለመደው የአሜሪካ አሠራር በ5 ሰከንድ ውስጥ 7 ጊዜ መጫን ሙሉ ድምቀት፣ 5 ጊዜ መካከለኛ፣ 3 ጊዜ ዝቅተኛ ይሰጣል። 15 ደቂቃው የሚቆጠረው ከመጨረሻው ትእዛዝ ነው። የአውስትራሊያው ደግሞ ሦስት ረዘም ያሉ ጭነቶችን ይፈልጋል። አብራሪው የትኛውን እንደተጠቀመ ጠይቀሃል? ድግግሞሹስ ትክክል ነበር?

ቀን ብርሃን፦
ቀን ላይ እየሞከርክ ነው፤ ፎቶሴሉ (ቀን መብራቱ እንዳይበራ የሚያደርገው ብርሃን ለይ) ነው የከለከለህ።

ሌሊት ጠባቂ፦
ኧረ ይበራል እያልኩ! ፎቶሴሉን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ድግግሞሹም ያው የድሮው ነው።

አንቴናው፦
ሪሲቨሩ ቢሞት አጠገቡ ሆነህም አይታዘዝም ነበር። ቅርብ እየሰማ ሩቅ ካልሰማ፣ ወይ ሲግናሉ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው ወይ ጫጫታ እየዋጠው። ሳጥኑ ሥር ቆሞ መሞከር የሚያረጋግጠው ጭነቶቹን የሚቆጥረው ሰርኪዩትና ሪሌዩ (መብራቱን የሚያበራው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) እንደሚሠሩ ብቻ ነው፤ አንቴናው ተነቅሎ እንኳ ሊበራ ይችላል። ሰሞኑን ምን ቀየራችሁ?

ሌሊት ጠባቂ፦
ምንም። የድሮዎቹን አምፖሎች አንስተን 36 ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ካስገባን አንድ ሳምንት ሆነን። ከነሱ ጋር አዲስ ኢንቨርተርና የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ።

ክንፈ ብረት፦
«ምንም» ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ። ማኮብኮቢያውን ብቻ ነው ያልቀየራችሁት።

ሶላሩ፦
ቻርጅ መቆጣጠሪያው ነው። እነዚህ ነገሮች የአቪዬሽን ሬዲዮ ላይ ክፉኛ ይጮኻሉ።

አንቴናው፦
ይጮኻሉ፤ ግን ችግሩ የታየው ማታ ነው። ማታ ፓኔሉ አያመነጭም፣ መቆጣጠሪያውም አይሞላም። እኔ የምጠረጥረው ቀንም ሌሊትም የማይጠፋውን ኢንቨርተር ነው። መብራቱ ሲበራ የኤልኢዲዎቹ ጫጫታ ይጨመርበታል፤ ማራዘሚያው ያልተሰማው ለዚያ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው በኤኤም የሚሠራ ስለሆነ ጫጫታ በቀላሉ ይገባበታል።

አሁን እንዲህ አድርግ። የእጅ ሬዲዮህን በዚያው ድግግሞሽ ላይ አድርገህ ስኩዌልቹን (ሲግናል ሳይኖር ድምፁን የሚዘጋውን) ክፈትና አንቴናው ሥር አዳምጥ። ኢንቨርተሩ ሲጠፋ ለስላሳ ሽሽታ፣ ሲበራ ዝዝዝታ ከሰማህ ተገኘ። ለማረጋገጥ ኢንቨርተሩን አጥፍተህ ሪሲቨሩን ከሌላ ባትሪ አብላው (ቮልቴጁንና ፖላሪቲውን መለያው ላይ አንብብ)። አንድ ሰው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ድግግሞሹ ላይ አውሮፕላን እንደማያወራ አዳምጦ፣ 7 ጊዜ ይጫን። መብራቱ ባይበራም የሪሌዩ «ቀጭ» ይሰማል።

ፊውዝ ፊውዝ፦
ፊውዙስ ታየ?

ክንፈ ብረት፦
ይህ ሰው ፊውዝ ይሸጣል።

ኬብል ቆራጭ፦
ኢንቨርተሩ ጠፍቶም ካልሰማ ወደ ኮአክስ ኬብሉ (አንቴናውን ከሪሲቨሩ ወደሚያገናኘው) ሂድ። ሁለቱንም ጫፍ ንቀል፤ አንቴናው ላይ እንደተሰካ አትለካ፣ አንዳንዱ አንቴና ውስጡ ሾርት ስለሆነ ያሳስትሃል። በመሐል ሽቦውና በጋሻው መካከል ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ከዚያ አንዱን ጫፍ በሽቦ አገናኝና ከሌላው ለካ፤ ከ2 ኦም በታች ካልሆነ መስመሩ ተበላሽቷል። ሜትር ግን ውኃ የገባበትን ኬብል «ደህና ነው» ሊልህ ስለሚችል ኮኔክተሩን ፍታና እይ። መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኝ ቁረጥ። አዲስ ኮኔክተር ግጠም፣ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልል፣ ኬብሉ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይቆልመም፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ሶላሩ፦
እሺ፣ ኢንቨርተሩ ይሁን። ለ100 ሜጋኸርዝ አካባቢ የተሠራ ፌራይት (ሽቦ ላይ የሚገጠም ጫጫታ አፋኝ) በመግቢያውም በመውጫውም ላይ ግጠም፤ ሽቦው ከቻለ ሁለት ሦስት ዙር ይዙርበት። አንቴናውንም ከኢንቨርተሩ አርቀው። ሪሲቨሩን ከኢንቨርተሩ አስማሚ አውጥተህ የራሱን ባትሪ ስጠው። ስኩዌልቹን እያላላህ ለመፍታት እንዳትሞክር፤ ጫጫታው ራሱ እየከፈተው እውነተኛውን ጭነት መቁጠር ያቅተዋል።

መምህሩ፦
ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) ይውጣ! «በአብራሪ የሚበራው መብራት አይሠራም» የሚል። ይህን ሳታደርጉ ኬብል አትቁረጡ።

አንቴናው፦
መምህሩ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ለዛሬ ማታ ማብሪያውን ከአውቶ ወደ በእጅ አዙረው፤ አውሮፕላኑ ከመድረሱ 30 ደቂቃ በፊት አብራና ቆሞ ሞተሩን እስኪያጠፋ አታጥፋ። አብራሪውም ሳይነሳ ይወቅ። ባትሪህ ስንት ነው?

ሌሊት ጠባቂ፦
24 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት። ኢንቨርተሩን ሳጠፋ ዝዝዝታው ቀነሰ። ግን ኮኔክተሩም አረንጓዴ ነው።

አንቴናው፦
ሁለቱንም ሥራ እንግዲህ፤ መጀመሪያ ኮኔክተሩን። ባትሪው ከተሞላ አያሳስብህ፦ 360 ዋት ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር ወደ 17 አምፒር ነው፣ ለሦስት ሰዓት 50 አምፒር ሰዓት ግድም። ፎቶሴሉ ላይ ያለውን ፕላስተርም አንሳው።

ኬብል ቆራጭ፦
ሠራ? በየትኛው?

ፊውዝ ፊውዝ፦
እኔም ልጠይቅ ነበር።