የደንበኛዬ የሕይወት መድን ያለቦታው የተገዛ ነው፤ መቀየሩ ግን አቃተኝ

ጠያቂ (የሽያጭ ወኪል)

ሰላም ለሁላችሁ። የሕይወት መድን ሽያጭ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። እስካሁን አዲስ ፖሊሲ ከመሸጥ ውጪ ሌላ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አሁን ግን ሌላ ሰው የሸጠውን ፖሊሲ ይዤ ግራ ገብቶኛል።

ደንበኛዬ 44 ዓመታቸው ነው። ማተሚያ ቤት አላቸው። ባለቤታቸው ደመወዝ የላቸውም፣ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ፣ ገና 11 ዓመት የሚከፈል የባንክ ብድርም አለባቸው። የዛሬ ሰባት ዓመት የ20 ዓመት ኢንዶውመንት ገዝተዋል። ቁጠባና ዋስትና የተደባለቀበት ነው፤ በ20ኛው ዓመት በሕይወት ካሉ ገንዘቡን ራሳቸው ይወስዱታል። ዓረቦኑ፣ ማለትም በየጊዜው ለመድኑ የሚከፍሉት፣ ከባድ ነው፣ አብዛኛው ወደ ቁጠባው ስለሚሄድ። ቢሞቱ የሚከፈለው ግን የብድሩን ሲሶ እንኳ አይሸፍንም። ዛሬ አንድ ነገር ቢሆኑ ባንኩ ማሽኖቹን ይወስዳል፣ ለልጆቹ የሚተርፍ የለም። ቤተሰብ ለሌለው፣ ለጡረታው ለሚቆጥብ ሰው ፖሊሲው መጥፎ አይደለም። ለእሳቸው ግን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። የድሮውን እናፍርስ፣ የሚመለሰውን እንውሰድ፣ በዚያው ዓረቦን ትልቅ ዋስትና ያለው ቴርም እንግዛ፤ ቁጠባ የሌለበት፣ ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚሸፍን ማለት ነው። እንደ አፍ ቀላል አልሆነም።

ውሉ ቢፈርስ ስንት እንደሚመለስ በጽሑፍ ስጡን ብለን ብንጠይቅ ኩባንያው አምስት ሳምንት አመላለሰን። በመጨረሻ የመጣው ወረቀት ከከፈሉት ከየ100ው 58 ብቻ ይመለሳል ይላል። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና “ሰባት ዓመት የከፈልኩትን ውሃ በላው ልትይኝ ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጤናቸውም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ስኳር ተገኝቶባቸዋል። ይህንን የነገሩኝ በሦስተኛው ቀጠሯችን ነው፣ ያውም ልወጣ በር ላይ ቆሜ፣ እንደ ዋዛ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ፖሊሲውን የሸጠችላቸው የባለቤታቸው እህት ናት። እኔ “ይሄ ፖሊሲ አይሆንዎትም” ባልኩ ቁጥር እሳቸው የሚሰሙት “የሚስትዎ እህት አታለለችዎት” የሚል ነው። ወዲያው ወሬ ይቀይራሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ የቆየ ደላላ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። አዲሱ ፖሊሲ ጸድቆ፣ የመጀመሪያው ዓረቦን ተከፍሎ፣ ውሉ እጃቸው እስኪገባ ድረስ የድሮውን እንዳትነኪው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ደንበኛዬን “አዲሱ መቼም አይቀርም” ብዬ የድሮውን አስፈረስኩት። አዲሱ ኩባንያ የጤና ምርመራውን አይቶ “አንቀበልም” አለ። ሰውዬው ስምንት ወር ያለ ምንም ዋስትና ቆየ። እኔ ስምንት ወር እንቅልፍ አልነበረኝም። ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚስቱ ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

ስለ 58ቱ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓረቦን በወኪል ኮሚሽንና ፖሊሲውን በማውጣት ወጪ ነው የሚያልቀው። ብዙ ፖሊሲዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ቢፈርሱ ምንም አይመልሱም። ድሮማ ጭራሽ የባሰ ነበር። ኤሊዙር ራይት የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ሄዶ፣ አርጅተው ዓረቦን መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ፖሊሲ በጨረታ ሲሸጥ ያያል። የሚገዛው ሰው ካሳውን የሚወስደው እሱ ስለሆነ ሽማግሌው ቶሎ እንዲሞት ነው የሚመኘው። ራይት ይህ ከአእምሮው አልወጣ ብሎት አገሩ ገብቶ ሲሟገት ኖረ። ዓረቦን ስላቋረጠ ብቻ የሰው ገንዘብ እንዳይወረስ የሚከለክል ሕግ በማሳቹሴትስ በ1861 ወጣ። 58ቱም የመጣው ከዚያ ዓይነት ትግል ነው። ለደንበኛሽ ይህንን ንገሪያቸው አልልም፣ ይበሳጩብሻል።

ይልቅ ሒሳቡን ከዛሬ ጀምሪው። የተከፈለው ተከፍሏል። የቀሩት 13 ዓመታት ዓረቦን ምን ይገዛል? ጥያቄው እሱ ነው።

ደግሞ ማፍረስ ወይም መቀጠል ብቻ አይደለም ያለው። ፔይድ አፕ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ዓረቦኑ ይቆማል፣ ፖሊሲው ግን አይሞትም። ዋስትናው በተከፈለው ልክ ይቀንሳል። ከ20 ዓመት 7ቱ ስለተከፈለ የዋስትናው 35 በመቶ፣ ከዚያ ላይ እስካሁን የተጠራቀመ ቦነስ ካለ እሱም ይጨመራል። የሚቋረጠውን ዓረቦን ይዘሽ ቴርም ትገዢላቸዋለሽ። በፖሊሲው የተበደሩት ገንዘብ ካለ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፣ አጣሪ። ከፖሊሲው ጋር የተያያዙ የአደጋና የአካል ጉዳት ተጨማሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይቋረጣሉ።

መልስ፦ አንደርራይተር ነኝ (የመድን ማመልከቻ መርምሮ የሚወስን)

ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ይከለከላል ማለት አይደለም። እኛ የምናየው መቼ እንደጀመረ፣ ኩላሊትና ዓይን ተነክቶ እንደሆነ፣ የደም ግፊቱንና ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን ምርመራ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ ስኳር ያሳያል። ጠዋት ላይ አንድ ቀን ጾሞ መጥቶ ማሳመር አይቻልም።

ቀጥታ ማመልከቻ አታስገቢ። መጀመሪያ ስማቸውን ሳትጠቅሺ ዕድሜውን፣ ውጤቱንና መድኃኒቱን ጽፈሽ “እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ ምን ትላላችሁ?” ብለሽ ለተለያዩ ኩባንያዎች ላኪ። ምክንያቱም ማመልከቻዎች “ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ?” ብለው ይጠይቃሉ። አንዴ መልሱ “አዎ” ከሆነ በየሄዱበት ይከተላቸዋል።

ስኳሩን ደግሞ “እንደ ዋዛ” የሚነግሩ ሰዎች ማመልከቻው ላይም እንደ ዋዛ ይዘሉታል። አብረሻቸው ተቀምጠሽ ሙይ። በብዙ አገር ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተሳሳተ ወይም የተደበቀ መረጃ ካገኘ ካሳውን ሊከለክል ይችላል። የድሮው ፖሊሲ ያንን ጊዜ አልፏል። አዲሱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በመጀመሪያው ጊዜ ውስጥ ራሱን ላጠፋ ሰው ካሳ አይከፈልም የሚለው አንቀጽም እንዲሁ። አሮጌ ፖሊሲ ሲፈርስ የሚጠፋው ይሄ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ዋጋው ስላልተጻፈ ማንም አይቆጥረውም።

መልስ፦ ዝም ብዬ አንባቢ

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አዲሱን ብትሸጪ ኮሚሽንሽ ስንት ነው? ለክፋት አይደለም። እኔም በዚሁ ሰበብ ሁለቴ ፖሊሲ ቀይሬያለሁ፤ ሁለቴም የተጠቀመው ወኪሉ ነው። እኔ ብሆን ደንበኛው ሳይጠይቁሽ በፊት እነግራቸው ነበር። የሚስታቸውን እህት ደግሞ ለምን ራሷን አታነጋግሪያትም?

ጠያቂ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የኮሚሽኑ ጥያቄ ትንሽ አናዶኝ ነበር፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። መጀመሪያ ያሰብኩትን ብሸጥ በዚህ ዓመት ከማገኘው ሁሉ ትልቁ ይሆን ነበር። ለሰውዬው ነገርኳቸው። ሳቁ። “እሱንማ አውቃለሁ” አሉኝ።

የባለቤታቸውን እህት ደወልኩላት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የደወልኩት። ጮኻ ትዘጋብኛለች ብዬ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ “ያኔ እኮ ብድር አልነበረበትም” አለችኝ። ቀኑን አየሁት፣ እውነቷን ነው። ብድሩ የ15 ዓመት ነው፣ ከተወሰደ ገና አራት ዓመቱ። ፖሊሲው ሲገዛ ማተሚያ ቤቱም አልነበረም። ይህንን ሳልጠይቅ ነው “ያለቦታው የተገዛ” ብዬ እዚህ የጻፍኩት። ዋስትናው ያኔም ለልጆቹ ትንሽ ነበር ባይ ነኝ፣ ግን አላታለለቻቸውም። እሷው ናት “አሁን ስላልበቃህ ጨምር” ያለቻቸው። እኔ ሁለት ወር ያልቻልኩትን በአንድ ስልክ።

ስም ሳልጠቅስ ለሦስት ኩባንያዎች ላክሁ። ኤችቢኤዋንሲያቸው 8.9 ነበር። አንደኛው “ከስድስት ወር በኋላ ኑ” አለ። ሁለተኛው እስካሁን መልስ የለውም። ሦስተኛው በ75 በመቶ ተጨማሪ ዓረቦን እቀበላለሁ አለ፤ የ11 ዓመት ቴርም፣ ዋስትናው ከብድሩ ጋር እየቀነሰ የሚሄድ። ለልጆቹ ደግሞ ፔይድ አፕ የሚሆነው የድሮው ይቀራል። በፖሊሲው የተበደሩት ገንዘብ እንደሌለም በጽሑፍ አረጋግጠናል። የድሮው ዓረቦን ስለሚቆም የሚከፍሉት የቴርሙን ብቻ ነው፤ አሁን ከሚከፍሉት ያነሰ ነው የሚያወጡት። የእኔ ኮሚሽንማ የታክሲ ነው።

ማመልከቻውን አብረን ሞላን። ስኳሩን፣ መድኃኒቱን፣ የጀመረበትን ወር ሳይቀር ጻፍን። ሲጋራ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። “አልፎ አልፎ” አሉ። ጻፍነው። ዓረቦኑን ትንሽ ከፍ ያደርገው ይሆናል።

ፖሊሲው ገና አልወጣም። ትናንት የድሮው ዓረቦን መክፈያ ቀን ነበር። ሳላስታውሳቸው ከፍለው የደረሰኙን ፎቶ ላኩልኝ።