መሣሪያን ለቨርቹዋል ማሽን በሚያስረክብ የከርነል ኢንተርፌስ ውስጥ ባለቤትነት የሚሰጠው በምን ላይ ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። በምጽፈው አነስተኛ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ውስጥ የፒሲአይ መሣሪያዎችን (እንደ ኔትወርክ ካርድ ያሉትን) በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር ለተፈጠረ ኮምፒውተር) የሚያስረክብ ኢንተርፌስ እየነደፍኩ ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ፋይል አዘጋጅቻለሁ፤ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም የመሣሪያውን ሬጅስተሮች በኤምማፕ (ከራሱ የሜሞሪ አድራሻ ጋር በማያያዝ) ያገኛል፣ ለዲኤምኤ (መሣሪያው ያለ ሲፒዩ ሜሞሪን በቀጥታ ለሚያነብበትና ለሚጽፍበት ዘዴ) የሚውለውንም ሜሞሪ በዚያው ፋይል በአይኦክትል (ለከርነሉ ትእዛዝ በሚሰጥ ጥሪ) ያስመዘግባል። ይሁን እንጂ በአንድ ብሪጅ ሥር ያሉ ሁለት የኔትወርክ ካርዶችን ለሁለት ማሽኖች ስሰጥ፣ አይኦኤምኤምዩው (የመሣሪያዎችን ዲኤምኤ ወደተፈቀደላቸው ሜሞሪ ብቻ የሚገድበው ሃርድዌር) እየሠራ እያለ አንደኛው ካርድ የሌላኛውን ማሽን ሜሞሪ አበላሸው። ስህተቱ የኮዴ ነው ወይስ የንድፉ?

መልስ 1
የንድፉ ነው። አይኦኤምኤምዩ የዲኤምኤ ጥያቄን ከማን እንደመጣ የሚያውቀው በላኪው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ወደ ቀድሞው ፒሲአይ በሚያሸጋግር ብሪጅ ሥር ያሉ መሣሪያዎች ደግሞ በብሪጁ መለያ ሊቀርቡ ስለሚችሉ፣ ሁለቱን ካርዶች ለይቶ ሊያያቸው አይችልም። ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ2012 በ3.6 እትሙ ቪኤፍአይኦን (መሣሪያን ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስረክበውን ኢንተርፌስ) ሲያስገባ ባለቤትነትን በመሣሪያ ሳይሆን በአይኦኤምኤምዩ ቡድን (አይኦኤምኤምዩው እርስ በርስ ሊለያቸው በማይችል መሣሪያዎች ስብስብ) ላይ ያቆመው ለዚህ ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ እንኳ በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ድራይቨር እጅ ሆኖ ዲኤምኤ ማድረግ የሚችል ከሆነ፣ ከርነሉ የቡድኑን መሣሪያዎች ለማስረከብ እምቢ ይላል። አንድ ካርድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሃርድዌሩ የማይሰጠውን መለያየት ኢንተርፌሱ ሊሰጥ አይችልም።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ለየመሣሪያው ፋይል መኖሩ በራሱ ስህተት ነው ብዬ አላምንም። ከ6.6 እትሙ ጀምሮ ሊነክስም ይህን ይፈቅዳል፤ የቡድኑን ባለቤትነት ግን ከርነሉ ከጀርባ ሆኖ ያረጋግጣል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የሜሞሪ ምዝገባው ከመሣሪያው ፋይል ጋር መታሰሩ ነው። አንድ ማሽን አራት መሣሪያዎች ቢኖሩት፣ ያንኑ ሜሞሪ አራት ጊዜ ልታስመዘግብና በቦታው ልትቆልፍ ነው፤ የተቆለፈው ሜሞሪ ሒሳብም ይዛባል። የአድራሻ ክልሉን ራሱን የቻለ ነገር አድርገውና መሣሪያዎቹን ከእሱ ጋር አያይዛቸው። በቪኤፍአይኦ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮንቴይነር የተባለው የአድራሻ ክልሉ መያዣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከ6.2 እትም ወዲህ ደግሞ አይኦኤምኤምዩኤፍዲ የተባለው የከርነል ክፍል ለብቻው ይዞታል።

ጠያቂው
ከልብ አመሰግናለሁ፤ ምዝገባውን ዛሬውኑ እለያለሁ። ኢንተራፕትንስ (መሣሪያው ትኩረት ሲፈልግ የሚልከውን ምልክት) ለማሽኑ እንዴት ላድርስ?

መልስ 2
በኢቬንትኤፍዲ (አንድ ነገር መከሰቱን በሚያሳውቅ የፋይል መያዣ) አድርሰው፤ ኬቪኤም (የሊነክስ ቨርቹዋል ማሽን አስኪያጅ) በቀጥታ ሊቀበለው ስለሚችል በየኢንተራፕቱ ወደ ዩዘር ስፔስ (ከከርነሉ ውጭ ወዳሉት ፕሮግራሞች) መመላለስ ይቀራል። የመሣሪያውን የኮንፊግሬሽን ክፍል (ቅንብሮቹ የሚቀመጡበትን) ግን በኤምማፕ አትስጥ፤ እያንዳንዱ ንባብና ጽሑፍ በከርነሉ በኩል ይለፍ። ኤምኤስአይ (በመልእክት መልክ የሚላክ ኢንተራፕት) በመሠረቱ ወደ አንድ አድራሻ የሚላክ ጽሑፍ በመሆኑ፣ የኢንተራፕት ሪማፒንግ (አይኦኤምኤምዩው ኢንተራፕቶችንም የሚያጣራበት አገልግሎት) በሌለበት መሣሪያው በዲኤምኤ የሐሰት ኢንተራፕት ሊፈጥር ይችላል፤ ስለዚህ ያ አገልግሎት ከሌለ ኢንተርፌስህ በነባሪነት ይከልክል። ፋይሉ ሲዘጋም መጀመሪያ የመሣሪያውን ባስ ማስተር (ዲኤምኤ የማድረግ ፈቃዱን) አጥፋ፣ ቀጥለህ መሣሪያውን ሪሴት አድርግ፤ የሜሞሪው ቁልፍ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።