ዘይቱ ሲሞቅ ጠረጴዛው ለምን ወደ ጎን ይነቀነቃል?

ጠያቂ (ሽቱትጋርት)፦
ሰላም ወገኖች። የምሠራው የመኪና ዕቃዎች በንዝረት የሚፈተሹበት ላብ ውስጥ ነው። ሦስት ሼከሮች (ነቅናቂ ማሽኖች) አንድ ጠረጴዛ ላይ አያይዘን ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ ባንዴ እንነቀንቃለን። ሼከሮቹ ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ ጠረጴዛውን ከነሱ ጋር የሚያገናኙትን በዘይት ግፊት የሚሠሩ ኩሽኔታዎች ግን ዲዛይን ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

ጠዋት ደህና ነው። ላይና ታች ብቻ ስንነዳው የጎኑ ንባብ (ሴንሰሮቹ ወደ ጎን የሚለኩት ንዝረት) ከዋናው አንድ አሥረኛ አይሞላም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ 430 ሄርዝ ላይ የነበረው ሪዞናንስም (ጠረጴዛው በራሱ አብዝቶ የሚነዝርበት ፍጥነት) ወደ 380 ይወርዳል። ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጠበቅሁ፣ ሴንሰሮቹን ቀያየርሁ፤ ለውጥ የለም። ባልደረቦቼ «ሶፍትዌሩ ላይ እናርመው» ይላሉ። እኔ ልቤ እሺ አላለኝም።

መልስ 1 (ሚቺጋን)፦
ልብህ ልክ ነው። ሦስት ሼከር የሚቆጣጠረው ሦስቱን ቀጥታ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ጠረጴዛው እንዳይዘም የሚይዘው ያንተ ኩሽኔታ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ሶፍትዌሩ መሀል ያለውን ሴንሰር ጸጥ ያደርግልሃል፤ ጠርዙ ግን መወዛወዙን አይተውም። አራቱም ማዕዘን ላይ ሴንሰር ለጥፍና እየው። ኦሃዮ፣ ሳንደስኪ አጠገብ ያለው የናሳ ትልቁ የንዝረት ጠረጴዛ ከሥሩ 16 ገፊዎች አሉት፣ ከጎኑ ደግሞ 4። መዘመምን በቁጥጥር መያዝ የሚቻለው እንዲህ ገፊው ሲበዛ ነው።

መልስ 2 (የሃይድሮሊክ ሰው፣ አዲስ አበባ)፦
ልጄ፣ ወደ ኩሽኔታው ኪስ (ዘይቱ ግፊት ይዞ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ) የሚገባውን ዘይት የሚያንቀው ምንድን ነው? ኦሪፊስ፣ ማለት አጭር ጠባብ ቀዳዳ ነው ወይስ ካፒላሪ፣ ማለት ቀጭን ቱቦ?

ጠያቂ፦
ኦሪፊስ ነው ጋሼ። ፓምፑ 140 ባር ይሰጣል።

መልስ 2፦
እንግዲያው ነገሩ እዚያ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። የኦሪፊስ ቀዳዳ ለዘይቱ መቅጠን ብዙም ግድ የለውም፤ የኩሽኔታው ስስ ክፍተት ግን ዘይቱ በቀጠነ ቁጥር በቀላሉ ያሳልፈዋል። ስለዚህ የኪሱ ግፊት ይወርዳል፣ ኩሽኔታው ይለሰልሳል፣ ሪዞናንሱም አብሮ ይወርዳል። ንዝረቱን የሚውጠውም የዘይቱ ውፍረት ነበርና ንባብህ የሚያድገው ለዚህ ነው። ካፒላሪ ረጅም ቀጭን ቱቦ ስለሆነ እንደ ክፍተቱ ሁሉ ለውፍረት ይታዘዛል፤ ሁለቱ እኩል ሲለወጡ የኪሱ ግፊት ባለበት ይቆያል። አሁን ኪሱ ላይ የግፊት መለኪያ ግጠምና ጠዋትና ከሰዓት አንብብ።

ጠያቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱ 24 ዲግሪ ሳለ ኪሱ 70 ባር ነበር፤ 40 ዲግሪ ሲደርስ 40 ባር ሆነ። መርፌዋ ስትወርድ ቆሜ አየኋት። ካፒላሪ ቀይረን ሪዞናንሱ ቀኑን ሙሉ ከ425 በታች አልወረደም። የጎኑ ንባብ አሁንም ከሰዓት ትንሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዘይቱን 40 ዲግሪ ሳናደርስ ፈተና አንጀምርም።

መልስ 2፦
ደግ አደረጋችሁ። ፊልተሩን ግን አደራ፤ አንዷ ቱቦ በብናኝ ከጠበበች ጠረጴዛው በዚያ ማዕዘን ይላላል፣ አንተም እንደገና ቡሎን ስታጠብቅ ትከርማለህ።