ከክሩዝ ወርዶ የማያ ፍርስራሽ ለማየት፦ የቱ ይሻላል?

ሰላም እህቴ። ከእናትሽና ከልጆችሽ ጋር በክሩዝ፣ በመዝናኛ መርከብ፣ ልትሄዱ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። መርከባችሁ ሜክሲኮ ውስጥ ኮዙሜል ደሴትና ኮስታ ማያ ወደብ፣ ከዚያም ቤሊዝ ሲቲ ይቆማል ብለሻል። ብዙ ሰው የማያን፣ ማለትም የዚያን አካባቢ ጥንታዊ ሕዝብ፣ የከተማ ፍርስራሽ የሚመርጠው ስሙን አይቶ ነው። እኔ ግን የመንገዱን ርዝመትና የእናትሽን የጉልበት ሕመም አይተሽ ምረጪ እላለሁ።

ስሙ የገነነው ቺቼን ኢትዛ ነው፤ ይገባዋልም። እዚያ ያለው የኩኩልካን ፒራሚድ በአራቱም በኩል 91፣ 91 ደረጃ አለው። የላዩ መድረክ ሲጨመር 365 ይሆናል፣ ልክ እንደ ዓመቱ ቀናት። ከኮዙሜል ተነስቶ እዚያ መድረስ ግን ከባድ ነው። መጀመሪያ በፌሪ ከደሴቱ ወደ ዋናው ምድር፣ ወደ ፕላያ ዴል ካርመን ከተማ ትሻገራላችሁ፤ ባሕሩ ከተናወጠ ያጥወለውላል። ከዚያ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራል። መልሱም ያው ነው። ፒራሚዱ ላይ መውጣት ደግሞ ከተከለከለ ቆይቷል። ለቺቼን ኢትዛ ሌላ ጊዜ ሜሪዳ ወይም ካንኩን ከተማ አድራችሁ በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።

ቱሉም የሚባለው ፍርስራሽ ቀረብ ይላል። ከፌሪው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በግንብ የታጠረ፣ ገደል ጫፍ ላይ የተሠራ ከተማ ነው፤ ከሥሩ ሰማያዊው ባሕር ይታያል። ውበቱ ያፈዛል። ጥላ ግን እምብዛም የለውም፣ ፀሐዩም አይቻልም።

እዚያው ኮዙሜል ላይ ሳን ገርቫሲዮ የሚባል ፍርስራሽ አለ። ሕንፃዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ግን የማያ ሴቶች በታንኳ ባሕር አቋርጠው የመውለድ አምላክ የሚሏትን ኢሽቼልን ሊለምኑ የሚመጡበት ቦታ ነበር። ይህን እያሰብኩ ስዞር ልቤ ተነክቷል።

ለእናንተ የምመርጠው ከኮስታ ማያ የሚኬድበትን የቻቾበንን ፍርስራሽ ነው። መርከቡ ወደቡ ላይ ስለሚቆም እናትሽ በእግራቸው ይወርዳሉ። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቦታው ጫካ ውስጥ ስለሆነ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የምትዞሩት። ቤሊዝ ላይ ግን ትልልቆቹ መርከቦች ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ዳር ርቀው ይቆሙና ሰው በትንሽ ጀልባ ይመላለሳል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከጀልባ ጀልባ መሻገር ቀላል አይደለም። ይህ ባይሆን ልጆቹን አልቱን ሃ ወደሚባለው የቤሊዝ ፍርስራሽ ውሰጃቸው እልሽ ነበር። በ1968 ከአንዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ጄድ ከሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸ፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ራስ የተገኘው እዚያ ነው።

አስጎብኚው የማያ ተወላጅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ማያዎች የጠፉ ሕዝብ አይደሉም። ዛሬም በሜክሲኮ፣ በጓቲማላና በቤሊዝ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሉ፤ ቋንቋዎቻቸውንም ይናገራሉ። ልጆች ይህን ከራሳቸው አፍ ቢሰሙ ጥሩ ነው።

ቱሩን በመርከቡ በኩል ያዙት። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ የራሱን ተጓዦች ይጠብቃል። በግል ከሄዳችሁ ግን ጥሏችሁ ይሄዳል። ሰዓቱንም ልብ በሉ። ኮስታ ማያ ያለችበት የሜክሲኮ ግዛት ኪንታና ሩ ሰዓት አይቀይርም፤ ስለዚህ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋበት በሰመር ወራት ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስልካችሁ ራሱን ሊቀይር ይችላል። መመለሻውን በመርከቡ ሰዓት ብቻ ቁጠሩ።

ምሳ የሚያካትት ቱር ከሆነና እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ባቄላው በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል።

አንድ ሳልነግርሽ የማላልፈው ነገር አለ። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ክሩዝም ቢሆን ሜክሲኮ ከረገጠ ከአገር መውጣት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንም ፓስፖርቱንም ይያዝ። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ፣ ያለ አድቫንስ ፓሮል፣ ማለትም ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ ከሚሰጥ ፈቃድ ውጭ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ጠበቃውን ሳያናግር ቲኬት እንዳይቆርጥ።