አስቸኳይ! ደብረ ሊባኖስ ጫካ ውስጥ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ

ሚኪ፦ ከፖርቱጋል ድልድይ አልፈን በጥዱ መሃል እየወረድን ነው፤ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት እስከ ወገቡ አፉን ከፈተ። ሱፐር ግሉ ይዘናል፣ ስንት ደቂቃ ላቆየው? ቁልቁለቱን መጨረስ እንፈልጋለን። ቶሎ በናታችሁ!

ሰናይት፦ ሱፐር ግሉውን ተወው። ከደረቀ በኋላ አይተጣጠፍም፤ ሶል ደግሞ በየእርምጃው ስለሚታጠፍ ወዲያው ይሰነጠቃል። አፈር የገባበት ላይማ ጭራሽ አይዝም። እሰረው። አጭር ገመድ ጣቶችህ ከሚታጠፉበት ቦታ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥም፣ ገመዱ በሶሉ ጥርሶች መሃል ይግባ፣ ቋጠሮው ከላይ ይሁን። ሌላ ረዘም ያለ፣ ሜትር ተኩል ያህል፣ ከተረከዙ ፊት ባለው ጎድጓዳ ስር አሳልፍ፤ እዚያ መሬት ስለማይነካው ቶሎ አይበጠስም። ጫፎቹን ከላይ አጠላልፈህ በቁርጭምጭሚትህ ኋላ አዙረህ ፊት ለፊት እሰር።

በረባሶ ለዘላለም፦ በረባሶ ብታደርግ ይሄኔ ታች ደርሰህ ጸበል ጠጥተህ ነበር 😂

ጋሽ ደሴ፦ ልጆች፣ ነገሩ የማጣበቂያ ጉዳይ አይደለም። በሶሉና በቆዳው መሃል ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ብዙ ጊዜ ፖሊዩሪቴን ነው። የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ባይለበስም። ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማ አዲስ መስሎ መንገድ ላይ የሚፈርሰው ለዚህ ነው። ላስቲክ ውስጥ እርጥቡን ማሰር ደግሞ ይብሳል። ሰልባጅ ስትገዙ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ነጋዴው ምንም ቢል አትግዙ።

ሊያ፦ ገመድ እሰርበት።

በረባሶ ለዘላለም፦ ሊያ፣ ሰናይት ምን እያለች መሰለሽ?

የገደል አፋፍ፦ ቆይ፣ ቁልቁለቱን ለምን ትጨርሳለህ? የወረድከውን እኮ ትወጣዋለህ። ስትወርድ እግርህ ወደ ፊት ስለሚገፋ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሶሉ ታጥፎ ከስርህ ከገባ ደግሞ ትደፋለህ፣ ከጎንህ ያለው የጀማ ገደል ነው። ተመልሳችሁ አስፋልት ላይ ውጡ፣ የጎጃም መንገድ መኪና አያጣም። ድልድዩ ጋ ለጥ ባለው አለት ላይ እርጥብ ካለ በዳር እለፉ። በነገራችን ላይ ድልድዩን ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ፖርቱጋሎች የሉበትም።

ሚኪ፦ ገመድ የለንም። የግራ ጫማዬን ማሰሪያ ልፍታ?

ሰናይት፦ እንዳትነካው! ሁለት የማይረባ ጫማ ይዘህ ትቀራለህ። የጃኬትህን የኮፍያ ገመድ ሳብና አውጣ፣ የጓደኛህንም ጨምር። ፕላስተር ካለህ ገመዱ ላይ ደርብበት፤ ብቻውን ግን ድንጋይ ቶሎ ይበላዋል። በየ15 ደቂቃው ቆመህ አጥብቅ። ሶሉ ጨርሶ ከወደቀ ገበሩን እንዳታወጣ፣ ካልሲ ደርብበትና ቀስ ብለህ ሂድ።

ሊያ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ማስቲሽ፦ አዲስ አበባ ስትገባ ሊስትሮው መጀመሪያ የድሮውን ሙጫ ይፋቅ። ማስቲሹ ሁለቱም ገጽ ላይ ተቀብቶ ለእጅ እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ተጭኖ ዙሪያውን በወፍራም ክር ይሰፋ። ስፖንጁ ዱቄት ከሆነ ግን ክርም አይይዝ፤ ጋሽ ደሴ ያሉት ነው፣ ብርህን አታባክን።

የገደል አፋፍ፦ ሚኪ፣ አስፋልት ወጣችሁ? 11 ሰዓት እኮ ሆነ።

በረባሶ ለዘላለም፦ ቁጥር ስንት ነው የምታደርገው? 42 አለኝ።